አየርላንድን ስትጠብቅ የኖረች ሻንጣ

ያኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አባዬ ደግሞ ጡረታ የወጣ መምህር። ሳይሄድ የሚሸኝ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ያሳደገኝ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አየርላንድ የሚኖረው ወንድሜ ደውሎ «አባዬ፣ መጥተህ ገጠሩን እይ» ባለው ማግስት አባዬ ሻንጣ ገዛ። ፓስፖርት እንኳ ገና አላወጣም። የሆሳዕና ከተማ ጎረቤታችን ግን ሩቅ አገር የሚሄድን ሰው ዝም ብሎ ያያል? በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጸለየለት፤ ሦስት ጊዜም ከቡላ የሚሠራ፣ ቅቤው የሚንጠባጠብ አታካና ተበላለት። ከዚያ ወዲያ ገበያ መውጣት አፈረ። ያገኘው ሁሉ «መምህር፣ መቼ ተመለሱ?» ይለዋላ። ስለዚህ ቤት ውስጥ እየተንጎራደደ ሻንጣውን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

እማዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚሁ ቅርብ አንጋጫ የምትኖር የታመመች ታላቅ እህቷን መጠየቅ። ባነሳችው ቁጥር «ከአየርላንድ መልስ አብረን እንሄዳለን» ይላታል።

አንድ እሁድ የአየርላንድን ገጠር በስልኩ አሳያት። አረንጓዴ ኮረብታ፣ ጉም፣ ዝናብ፣ የሚግጡ ላሞች፣ ከሩቅ ባሕር።

«ይሄ አንጋጫ አይደል እንዴ?» አለችው።

«አንጋጫ ባሕር አለ?»

«እኔ እህቴን እንጂ ባሕር መች ፈለግሁ?»

አባዬ ተነሥቶ ካፖርቱን ሻንጣው ውስጥ እንደገና አጣጠፈ።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ካፖርቱን አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠች። ሻንጣው ውስጥ ቡላና ቅቤ ከተተች። ከዚያ ሻንጣውን ይዛ መናኸሪያ ሄዳ የአንጋጫ ሚኒባስ ተሳፈረች።