ይማምና ያልተገዛው መነጽር

በየአገሩ አንድ አይጠፋም፤ ገበያ ወርዶ ባዶ እጁን የሚመለስ፣ ግን የገበያውን ዕቃ ሁሉ እንከን በቃሉ ይዞ የሚመጣ ሰው። ሌላው ሰው ገዝቶ ይጸጸታል። ይህኛው ሳይገዛ ቀድሞ ይጸጸታል። እናንተም ሰፈር አለ። የለም ካላችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

የእኛ የመካነ ሰላሙ ይማም ይባላል። ጎረቤቴ ነው፤ የሚለየን አንድ አጥር ብቻ ነው። እኔ ግን ሊቀ ማማረጥ ይማም እለዋለሁ።

"እትዬ የሻለም፣ እኔን እስላሙን ሊቅ አድርገው ቤተ ክርስቲያን ሊያስገቡኝ ነው?" ይለኛል።

"አትስጋ። በየትኛው በር እንደምትገባ እስክትመርጥ ቅዳሴው ያልቃል።"

አንድ ጊዜ በቅሎ ሊገዛ ከላላ ወረደ። የገበያውን በቅሎ ሁሉ ከንፈር እየገለጠ ጥርስ ሲያይ ዋለ። ማታ በእግሩ እያዘገመ መጣና "አንዷን አልጠላኋትም፣ ግን ግራ ጆሮዋ ይሰንፋል" አለን። ቤቱን ቆርቆሮ ሊያለብስ ሲነሳም የቆርቆሮውን ቀለም ሲያወዳድር ክረምት ገባበትና ከነሣሩ ከረመ። "አልጠላሁትም፣ ግን" የምትለዋ ቃል ከአፉ ጠፍታ አታውቅም።

ሚስቱ ሀይፋ፣ አላህ ይዘንላትና፣ "እኔንም አባቱ መርጠውለት ነው፤ ለእሱ ቢተዉለት ኖሮ ይኸኔም አጥር ላይ ተደግፎ ከጎረቤት ሴት ጋር ያወዳድረኝ ነበር" ትል ነበር። ይህን ስትል ይማም መሬት መሬት እያየ "አልጠላሁሽም" ይላታል። "ግን"ን የሚውጣት ለእሷ ብቻ ነበር።

የማማረጡ ሁሉ ዘውድ ግን የጠመንጃ መነጽሩ ነው። ይማም ከአባቱ የወረሰው፣ ፈቃድ ያለው አሮጌ ምንሽር ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር አባይ ቆላ ወርዶ ያድን ነበር። ዛሬ ደኑ ተከልሎ ፓርክ ሆኗል፤ አውሬ የነካ ይታሰራል። የቀረለት አደን ቆላ ያለውን በቆሎውን እያረሰ የሚያድር ከርከሮ ነው። ዓይኑ ደግሞ እንደ ዱሮው አይደለም። ስለዚህ ጠመንጃው ላይ ተገጥሞ ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ያስፈልገዋል። ይማም መነጽሩን እስኪመርጥ ከርከሮው ልጅ ወልዷል፤ ልጁም ወልዷል።

የመነጽሩን ሐሳብ ያመጣችበት አንድ ልጁ አርዋ ናት። ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። የአሠሪዋ ባል አዳኝ ነው፤ መሣሪያ የሚያስቀምጥበትን ቁም ሣጥን የምትወለውለው እሷ ናት። አንድ ቀን የመነጽሩን ፎቶ ላከችና "አባዬ፣ እንዲህ ያለ ልግዛልህ?" አለችው። እዚያ ላይ ተጀመረ።

በእኛ ሰፈር ኔትወርክ የሚገኘው አምባቸው ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። አርዋ የምታርፈውና መነጽር ሱቅ የምትዞረው በጁምዓ ስለሆነ፣ ይማም ከስግደት ሲመለስ በቀጥታ ወደ በረንዳው ይሄዳል። እኔንም ይጠራኛል። ከፎቶው ሥር የምትጽፈውን ማንበብ የእኔ ሥራ ነው።

"ልጆቹ ሲያነቡ ይሮጣሉ፤ ቃል ይጥሉብኛል" ይላል። "እርስዎ ፊደሉን አንድ በአንድ ስለሚረግጡት ምንም አይወድቅም።"

ፊደል የለየሁት የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላ ነው። ዳዊት እደግምበታለሁ ብዬ የተማርኩት፣ ለጠመንጃ መነጽር ዋለ።

"የጀርመኑ ከባድ ነው፤ ግን ሲመሽም እንደ ቀን ያሳያል። የጃፓኑ ቀላል ነው" ብዬ አነበብኩ።

ይማም ስልኩን ተቀበለኝ። "አርዋ፣ የጀርመኑን አልጠላሁትም፣ ግን ምንሽሩ ሽማግሌ ነው። ይህን የሚያህል ነገር አናቱ ላይ ጭነንበት ይችለዋል?"

"እሺ አባዬ፣ የጃፓኑን ልግዛ።"

"እሱንም አልጠላሁትም፣ ግን የእኛን ጉም ያውቀዋል? ጉም አይቶ የማያውቅ መስታወት እዚህ መጥቶ ያለቅስብኛል።"

አምባቸው ስኳር እየመዘነ ከውስጥ ጮኸ፣ "ጃንጥላ ጨምራ ትላክለታ!"

በረንዳው ሳቀ። አርዋም እዚያ ማዶ ሆና ሳቀች።

በሌላው ጁምዓ አሥራ ስምንት እጥፍ የሚያቀርብ አገኘች። ይማም ተቆጣ። "አሥራ ስምንት? ከርከሮውን ሳይሆን ቅማሉን ነው የማየው!" ደግሞ ሌላ አገኘች፤ እሱ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ተመልሶ ቅንድብ ይሰነጥቃል ተባለ። ደግሞ ሌላ፤ መሀሉ ላይ መስቀል የመሰለ ቀጭን መስመር አለበት።

"ይማም፣ እኔ የምሳለመውን አንተ ልትገዛው ነው?" አልኩት።

"አልጠላሁትም እትዬ፣ ግን ነጥብ ብቻ ያለው ቢገኝ" አለ፤ ከአምባቸው በቀር ሁሉም ሳቀ፤ አምባቸው ዲያቆን ነበር።

እኔ መነጽሩን ሳይሆን ይማምን ነበር የማየው። ምስሏ ሲመጣ ስልኩን ጆሮው ላይ አይለጥፍም፤ ፊቱ ፊት ለፊት አድርጎ ይይዘዋል። "እስኪ አዙረሽ አሳዪኝ" ሲላት መነጽሩን ታዞራለች፤ የሱ ዓይን ግን እጇ ላይ ነው።

"ጣትሽ ምን ሆነ?"

"በረኪና ነው አባዬ። ይድናል።"

"እህ። መነጽሩን... አልጠላሁትም፣ ግን እንደገና አዙሪው።"

እንደገና አዞረችው፤ ሱቁ ውስጥ ከላይ የተቀመጠውን የኦስትሪያውን ግን ለሌላ ጊዜ አቆየችው። በዚህ ዓይነት መቼም የሚያልቅ አልመሰለንም።

አንድ ጁምዓ ግን አርዋ ሱቅ አልገባችም። ክፍሏ ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። የጀርመኑንና የጃፓኑን ነገር አነሳችና በመሀል ድምጿ ቀጠነ።

"አባዬ፣ ኮንትራቴ አልቋል። ማዳም ፈርሚ እያለችኝ ነው። ልፈርም ወይስ ልምጣ?"

አምባቸው የስኳሩን ማንኪያ አየር ላይ ያዘው። እኔ የይማምን አፍ አየሁ። ከንፈሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ይሰማል። በእኛ አገር አባት ልጁን ስለ ከብቱ ይነግራታል፣ ስለ ዝናቡ ይነግራታል፤ ናፈቅሽኝ ብሎ ግን በሰው ፊት አይናገርም።

"የጀርመኑ..." አለ በመጨረሻ፣ "ሲመሽ እንዴት ነው ነበር ያልሽኝ?"

"ጥሩ ነው አባዬ። ጥሩ ያሳያል።"

ወደ ቤት ስንሄድ ከጎኑ ሆኜ ሳልጠይቀው አላለፍኩም።

"ልጅቱ የጠየቀችህን አልሰማህም?"

"ሰማሁ እትዬ።"

"ታዲያ?"

"'ነይ' ብያት መጥታ ሥራ አጥታ ብታዝንብኝስ? 'ቆዪ' ብያት አንድ ነገር ብትሆንስ?" ዱላውን መሬት ላይ ተከለው። "የመነጽር ስህተት ለባለሱቁ ይመለሳል። ይኸኛው ለማን ይመለሳል?"

ስንስቅበት የኖርነው ማማረጥ ፍርሃት መሆኑን ያን ቀን አየሁ። በቅሎዋም፣ ቆርቆሮውም፣ ያ ሁሉ።

የሚቀጥለው ጁምዓ ዝናብ ነበር። ይማም ገና ሳይሰግድ፣ ጋቢው እየተንጠባጠበ በራፌ ላይ ቆመ። "እትዬ፣ ይምጡ" አለኝ። ምን እንደወሰነ ፊቱ ላይ አየሁት። በሕይወቱ አንድ ነገር መርጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደ ሙሽራ ነበር የሚፈጥነው። በረንዳው ላይ ደረስን። ደወለ። ድምፁን ከፍ አደረገው፤ አምባቸውም፣ ከዝናብ የተጠለለውም ሁሉ እንዲሰማ ያደረገው ይመስለኛል።

"አርዋ! የጀርመኑንም ተይው፣ የጃፓኑንም ተይው። ነይ!"

ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎን ስልኩን አየነው። ፊቷ አለ።

"አባዬ... ፈረምኩ እኮ። ትናንት ፈረምኩ። ዝም ስትለኝ... ቆዪ ያልከኝ መሰለኝ። እዚያ የማልፈለግ መሰለኝ።"

ይማም ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። "አልጠላሁሽም" አላት።

"ግን" እስኪመጣ ሁላችንም ጠበቅን። አልመጣም።

አርዋ ያቺን ቃል ታውቃታለች፤ እናቷ ሀይፋ ስትሰማት አይታለች። ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓው ባዶ ሆነ። ሁለቱም አፍረዋል። "ደህና ነሽ?" "አልሐምዱሊላህ። ዝናቡስ?" "መልካም ነው።" ቀጥሎ "በይ እንግዲህ"። መነጽሩን ደግሞ ራሱ "ተይው" ብሎ ጨርሶታል፤ አፉን የሚከፍትበት ነገር አልቀረለትም። አምባቸው እንኳ የጃንጥላ ቀልዱን ረሳው። ሰው ልጁን የሚያናግርበት አንድ ድልድይ ቢኖረው፣ በመረጠበት ቀን ፈረሰ።

ያለፈው ጁምዓ "በይ እንግዲህ" ሊላት ሲል ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት።

"አርዋ ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ የሻለም። ያ የኦስትሪያው የተባለውስ? ሱቁ ውስጥ ከላይ የተቀመጠው?"

"እማማ የሻለም!" አለች። "እርስዎ ደግሞ መነጽር ምን ሊያደርግልዎ?"

"ጃርት ድንቼን ጨረሰው። አንቺ ሱቁ ሂጂና ፎቶውን ላኪ።"

ላከች። እኔም ከሥሩ የጻፈችውን ፊደል በፊደል ረገጥኩት፤ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ክብደቱ፣ ጉም እንደማይዘው። ይማም በትከሻዬ በኩል አንገቱን አስግጎ ያያል። መነጽሩን አይደለም፤ ከመነጽሩ ሥር የያዙትን ጣቶች ነው። ድነዋል።

"የቱን ልግዛ ታዲያ?" አለች አርዋ፤ ድምጿ ውስጥ የዱሮዋ ሳቅ ትንሽ ነበረች።

ይማም አየኝ። እኔ ፎቶውን አራቅሁት፣ አቀረብኩት፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

"አልጠላሁትም" አልኳት፣ "ግን እስኪ ለሚቀጥለው ጁምዓ ሌላም ሱቅ እይልን።"