ከመሬት በታች ሰባት ልጆች

ሰው ሆኖ የማይዋሽ የለም፤ ልዩነቱ በምን እንደሚዋሽ ነው። አዳኝ ባመለጠው አውሬ ይዋሻል፣ ሴት በዕድሜዋ ትዋሻለች ይባላል፣ ሹም በሪፖርቱ ይዋሻል። እኔ ደግሞ በተክል ቁጥር ነበር የምዋሸው። በተክል ቢዋሹ ማንን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደናንተው ብዬ ነው የጀመርኩት።

ስሜ እልፍነሽ ነው። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ ጅማ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር፤ ከአምስት ወንዶች በኋላ ስወለድለት «ይቺስ ብቻዋን እልፍ ናት» ብሎ ስም አወጣልኝ አሉ። እንግዲህ ቁጥር ማብዛቱ በቤታችን ከኔ በፊትም የነበረ ነው።

ነገሩን ያስታወሰችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። ሰሞኑን ስልኳን አምጥታ አንድ ቅጠል አሳየችኝ፤ ግማሹ ወተት የመሰለ ነጭ፣ ግማሹ አረንጓዴ። ስሙ አሎካሲያ ነው አለችኝ። የዓለም ሰው ይህን ለማግኘት እንደሚሻማ፣ ያለው ሰው ስንት እንዳለው እየቆጠረ ፎቶ እንደሚለጥፍ ነገረችኝ። ልጄ፣ እኔ ይህን ተክል አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው፤ ስሙን ነው ዛሬ የሰማሁት። እኛ ቡሬ ነበር የምንለው፣ ልክ እንደ በሬው።

ጎደሬን ታውቁታላችሁ። ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ሥሩ ተቀቅሎ የሚበላው ነው፤ የጅማ ጓሮ ያለ እሱ አይሆንም። ቡሬ የጎደሬ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ግን አይበላም፣ ቢቀምሱት ጉሮሮ ያቃጥላል። ከመታየት በቀር ምንም አይጠቅምም። ነጩ መልኩ ነው፣ አረንጓዴው ጉልበቱ፤ ነጩ ከመጠን ካለፈ ራሱን መመገብ አቅቶት ይሞታል፣ አረንጓዴው ካሸነፈ ደግሞ ተራ ጎደሬ መስሎ ይቀራል። ጎረቤቶቼ «ይሄ ጎደሬሽ ታሟል፣ ሌላውን ሳያስይዝ ንቀይው» ይሉኝ ነበር። የሚራባው ከሥሩ ነው። አፈር ውስጥ፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ከባቄላ እስከ ሎሚ የሚያካክሉ ድቡልቡል ሥሮች ይቋጥራል፤ እነሱን አውጥተው ሙቀትና እርጥበት ከሰጧቸው ይበቅላሉ። በሙዝና በእንሰት እንደሚባለው ሁሉ እነዚህንም «ልጆች» እንላቸዋለን። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

«እንላቸዋለን» ያልኩት እኔና አባ መጫ ነን። አባ መጫ የአጋሮ ሽማግሌ ናቸው። የቡና መሬታቸውን አብዮቱ ሲወስድባቸው የቀረላቸው አንድ ግቢና ብዙ ትዕግሥት ነበር። የተዋወቅነው አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ዕቃውን በትኖ ከጅማ የሄደ ቀን ነው። ሰዉ ሁሉ ሶፋውና አልጋው ላይ ሲረባረብ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ በረንዳው ላይ ወደ ተደረደሩት ማሰሮዎች ሄድን። ተያየን፤ ሁለታችንም አፈርን። ሁለት ቡሬ ነበር፣ አንድ አንድ ተካፈልን። ከዚያ በኋላ በአጋሮ አውቶብስ ሾፌሮች እጅ እንጻጻፍ ጀመር። እሳቸው ሁልጊዜ እንዲህ ብለው ይጨርሳሉ፦ «አልሐምዱሊላህ፣ የኔ ልጆች ስድስት ደርሰዋል። ያንቺስ?»

ይህች «ያንቺስ» አንጀቴን ታሳርረው ነበር። በጣቴ አፈሩን ጫር ጫር እያደረግኩ ስዳስስ የኔም ስድስት ናቸው። እኩል መሆን እንዴት እንደሚያናድድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በአጭሩ ብዕሬን አነሳሁና ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

ዘመኑ ደግሞ ቀይ ሽብር ነው። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልናገርም፤ ያየ አይረሳውም፣ ያላየም ባያይ ይሻለዋል። ሰላምታ አጥሮ ነበር። ጠዋት ቡና መሥሪያ ቤት ለታይፕ ሥራዬ ስሄድ መንገድ ዳር ላለማየት አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው፤ ሰው ኮርታለች ይለኛል፣ እኔ ግን ፈርቼ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ አፌን ዘግቼ ኖርኩ። እጄን ግን መዝጋት ረሳሁ።

ደብዳቤዬ አጋሮ አልደረሰም። ኬላ ላይ ተያዘ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አብዮት ጠባቂ መጥቶ ቀበሌ ትፈለጊያለሽ አለኝ። የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ይቅርባችሁ፤ ዛሬም ቁጥሩን መጥራት አልወድም። ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው ነበር። ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ እሱ ነው። ልክ ሲወስድ ሁልጊዜ እጅጌውን አንድ ጣት ያስረዝመዋል፤ ለምን ሲሉት «ትርፍ ይኑረው፣ ልጅ ያድጋል» ይላል። ያን ጊዜ እልፊ ነበር የሚለኝ። ዛሬ ጓድ እልፍነሽ ብሎኝ ቁጭ በይ ሳይለኝ ደብዳቤዬን ከመሳቢያ አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«ይድረስ ለአባ መጫ። እንደምን ሰንብተዋል። ነጩ በርትቷል፣ ደስ ብሎኛል። ከመሬት በታች ያሉት ልጆች ሰባት ደርሰዋል፤ እስካሁን ማንም አላያቸውም። ጊዜው ሲመቻች ወደ ላይ አወጣቸዋለሁ። የድሮው ቢወድቅ አይዘኑ፤ ሥሩ ደኅና ከሆነ አዲስ ይመጣል።»

አያችሁልኝ? ስጽፈው ስለ ቅጠል ነበር። በእሱ አፍ ስሰማው ግን እኔ ራሴ በራሴ ላይ ልፈርድ ደረስኩ። ነጩ በርትቷል! ያን ጊዜ ነጭ የሚባለው ሽብር ነው፣ ከመሬት በታች የሚባለው ድርጅት ነው፣ ልጆች የሚባሉት የሚታደኑት ልጆች ናቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእጅ የወጣስ የት ይገኛል? ጠረጴዛውን ያዝኩ።

ሰባቱ እነማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ጎደሬ ናቸው አልኩት። የት እንደደበቅኳቸው ጠየቀኝ። በረንዳዬ ላይ፣ ግማሽ በርሜል ውስጥ አልኩት። እንዳላገጥኩበት ቆጥሮት ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌውንም ከአጋሮ ነገ ያመጡልናል አለኝ። እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ለራሴ ነበር፤ አባ መጫ መሬት የነበራቸው ሰው መሆናቸው ትዝ ሲለኝ ግን ፍርሃቴ ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸውን ማን ይጠይቃቸዋል፣ ማንስ ያምናቸዋል። ለአንዲት ቁጥር ብዬ አንድ ሽማግሌ ላስበላ ነው።

ኑና እዩ አልኩ። መጡም። ጓድ በላቸው ከፊት፣ እኔ መሃል፣ ጠብመንጃ የያዘው ጠባቂ ከኋላ ሆነን አወቱ ወንዝ ዳር ወዳለችው ቤቴ ወረድን። ሰዉ በር ላይ ሆኖ አየን፣ ወዲያው በሩን ገፋ አደረገ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በሌላ ሰው ቀን በሬን ገፋ አድርጌ አውቃለሁ።

ጠባቂው በቢላዋ ልቆፍር ሲል፣ በእጄ ካልሆነ ይቆረጣሉ ብዬ ለመንኩት፤ ቢላዋውን መሬት ላይ ጣለው። ሞት አፋፍ ላይ ቆሜም ለተክሌ ስሳሳ ራሴን ታዘብኩት። ተንበርክኬ አፈሩን በጣቶቼ እየፈለፈልኩ ማውጣት ጀመርኩ። ጓድ በላቸው ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አንድ። ሁለት። ሦስት። ጠባቂው ሦስተኛው ላይ ጠብመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ፣ ጎደሬ መሆኑ ገብቶታል። አራት። አምስት። ሎሚ የሚያህለው ትልቁ ሲወጣ ስድስት።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁት አፈርና አንድ ትል ነው።

«ሰባተኛውስ?» አለ።

አፈሩን ዳግመኛ ፈተሽኩ። የሌለን ነገር እየፈለጉ መፍራት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። እንደሌለ አውቃለሁ፤ ግን ምናልባት እግዜር አዝኖልኝ አንድ ይጨምርልኛል ብዬ እጄ አላቆመም። ጠባቂው ጠብመንጃውን እንደገና አወረደው። ሰው በሠራው ሥራ ይሞታል፤ እኔ በጉራ ልሞት ሆነ።

«ሰባተኛው የለም» አልኩ። «መጀመሪያም አልነበረም። አባ መጫ ስድስት አሉኝ ብለው ጻፉልኝ፣ እኔም ያለኝ ስድስት ነበር። እኩል ነን ብሎ መጻፍ አቃተኝ።»

ጓድ በላቸው ጠባቂውን ወደ አጥሩ ራቅ በል አለው። ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቁጥር ጨምረሽ ነው?» አለኝ። ይህን የጠየቀኝ ሊቀመንበሩ አልነበረም፣ ልብስ ሰፊው በላቸው ነበር። አዎ አልኩት። ወዲያው አመነኝ። ማንም ምስክር ሳልጠራ፣ ሳልምል፣ ሳላለቅስ አመነኝ። የቀበሌው የተተከለ ችግኝ፣ በስብሰባ የተገኘ ሕዝብ፣ ማንበብ የተማረ አዋቂ ሁሉ በሱ እጅ ነበር ወደ ላይ የሚጻፈው፤ ቁጥር እንዴት እንደሚያድግ ለእሱ የሚነግረው ሰው አያስፈልግም።

ዳንኩ ብዬ ነበር። ቀና ስል ግን ግንባሩ በላብ ተጥለቅልቋል።

«እኔ እኮ ሰባት ብዬ ወደ ላይ አሳልፌአለሁ» አለ። «ስድስት ብል አንዱ አመለጠህ ይሉኛል። ሰባተኛውን አምጣ ይሉኛል።»

ሁለታችን ከበርሜሉ አጠገብ ቆመን ጉድጓዱን እያየን ፈራን። እሱ የበላዮቹን ይፈራል፣ እኔ እሱን። ከዚያ ዓይኑን ቀስ አድርጎ ከጉድጓዱ አነሳና እኔ ላይ አሳረፈው። ክፉ ሰው አልነበረም። ዩኒፎርሜን ሲሰፋ ልክ ሲወስድ እንደሚያየኝ ነበር ያየኝ። ሰባተኛ ለመሆን የሚጎድለኝ ነገር እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ።

የጠባቂውን ቢላዋ ከመሬት አነሳሁ። ሎሚ የሚያህለውን ትልቁን፣ የምሳሳለትን፣ በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ከመሃል ለሁለት ቆረጥኩት። ነጭ ወተት አወጣ። ሁለቱን ግማሾች ከአምስቱ ጋር ደረደርኩ።

«ሰባት» አልኩ።

ጓድ በላቸው ቆረጣውን አየ፣ እኔን አየ። «ሰባት» አለ።

ጆንያ ውስጥ ከተትናቸውና በጠብመንጃ ታጅበው ቀበሌ ገቡ። ቀበሌው ታይፕ የሚመታ ሰው ስላልነበረው ሪፖርቱን የመታሁት እኔው ነኝ። እሱ እየተናገረ እኔ እመታለሁ፦ ከመሬት በታች የነበሩ ሰባት፣ ከነሥራቸው ተነቅለው፣ በቁጥጥር ሥር ውለዋል፤ አጋሮ ያለው ሽማግሌ ከጉዳዩ ነፃ ሆኖ ስለተገኘ መምጣት አያስፈልገውም። ምን እንደሆኑ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«አትጻፊ» አለኝ። «አይጠይቁም።»

አልጠየቁም።

ደፍሬ አጋሮ የሄድኩት ወራት ካለፉ በኋላ ነው። ለአባ መጫ ሁሉንም ከነውሸቴ ነገርኳቸው፤ ይቅር ይበሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝ። ከዚያ ሻሻቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ማል ጎና ልጄ፣ ምን እናድርግ» አሉ። «እኔም ስድስት ስልሽ ሦስት ነበሩ። ወላሂ ሦስት።»

ሳቅን። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም፤ መሃሉ ላይ እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ።

ክረምቱ ሲገባ ጓድ በላቸው አስጠራኝ። ደንግጬ ሄድኩ። የቀበሌው ጣሪያ አፍስሶ፣ ጥግ የተረሳው ጆንያ ረጥቦ፣ በቀዳዳው ነጭና አረንጓዴ ቅጠሎች ብቅ ብቅ ብለው ነበር። ሰው ሳያይ ውሰጃቸው አለኝ። ቤቴ ወስጄ ስፈታው አንደኛው ግማሽ በስብሷል፤ ሌላው ግማሽ ከአምስቱ ጋር በቅሏል። ስድስት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው እንዲህ ነው እንግዲህ።

አንዳንድ ጊዜ ተቀምጬ ሳስብ የሚያስፈራኝ የኔ ነገር አይደለም። የኛ ቀበሌ ብቻ አልነበረም ሪፖርት የሚጽፈው። በየቦታው ቁጥር ጨምሮ የላከ ሰው ነበር፣ በየቦታውም ቁጥሩ ጎድሎ የተገኘበት ቀን ነበር። እኔ የቆረጥኩት የማይበላ ጎደሬ ነው። ሌሎቹ የጎደለውን በምን እንደሞሉት እኔ አልጠይቅም፤ የጠየቀም አላየሁም።

የወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ ስልኳን ዘጋች። በረንዳዬ ላይ ወዳሉት ቡሬዎች ለመሄድ እየተነሳች «እና አክስቴ፣ ዛሬ ስንት አሉሽ?» አለችኝ።

አምስት አልኳት። ስድስት ናቸው፤ አንዱን ቁጥር ለሚጎድልበት ቀን ከጓዳ አስቀምጬዋለሁ።