ለእትዬ ሙሉነሽ የሚሆን ብሩሽ

ነጋዴ ሆኖ ሞካሪ ያልገጠመው የለም። ሞካሪ ማለት ሦስት ቴምር ቀምሶ «ትንሽ ይደርቃል» ብሎ የሚሄደው፣ አዲስ ጫማ አጥልቆ እስከ መንገዱ ጥግ ተራምዶ ሲያበቃ «ቤት ያለው ይሻለኛል» የሚለው ሰው ነው። ተከራካሪ ደንበኛ ቢያደክምም መጨረሻው ይታወቃል፤ ወይ ይገዛል፣ ወይ ተቆጥቶ ይወጣል። ሞካሪ ግን አይቆጣም፣ አይገዛም፣ አይቀርም።

ሐረር ውስጥ የዚህ ወገን ሁሉ የበላይ ጠባቂ ክብርት ወይዘሮ ሙሉነሽ ናቸው። ከግንቡ ውጭ የሚኖሩ፣ መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ የብሩሽ ዳኛ፣ የማበጠሪያ ጥርስ ነቃይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ባጃጅ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ታወርዳቸዋለች። ከዚያ በእግራቸው ቁልቁል ወደ መኪና ግርግር ይሄዳሉ፤ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ቀኑን ሙሉ የሚያስጮሁበት ጠባብ መንገድ ነው። እትዬ ሙሉነሽ ብቅ ሲሉ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። መንገዱ መሐል ላይ የመዋቢያ ዕቃ የምትሸጠው ናፊያ መምጣታቸውን የምታውቀው በዚሁ ነው። ዝምታው ከላይ በኩል ሲጀምር «ያ ረቢ፣ መጡ» ትልና ብሩሾቿን በዓይኗ ትሰናበታለች።

የእትዬ ሙሉነሽን ጸጉር ያላየ ሰው ለናፊያ አያዝንላትም። ጥቅጥቅ ያለ፣ ከርዳዳ፣ ሽቦ የሚያስንቅ ጸጉር ነው። ስልሳ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ጉልበታቸውም ዓይናቸውም ሲደክም እሱ ብቻ በርትቷል። ነጠላ ሲያደርጉበት ነጠላው አያርፍም፤ እንደተንሳፈፈ ይውላል። መሥሪያ ቤት ሳሉ እስክሪብቷቸውን እዚያ ሰክተው ረሱትና አምስት ቀን ሲፈልጉት ከረሙ። ሲገኝ ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ አንደኛው የአለቃቸው ነበር።

ናፊያ ደግሞ የዋዛ ሻጭ አይደለችም። ወላሂ ሳትል የምትጨርሰው ዓረፍተ ነገር የላትም። ሽቶው ኦሪጅናል ነው፣ ወላሂ። ቅባቱ ትናንት ነው የገባው፣ ወላሂ። አንድ ጊዜ መንገድ የጠፋበትን ራሰ በራ ሰውዬ «ለጢምህ ይሆንሃል» ብላ ማበጠሪያ አስይዛ ሸኝታዋለች። «ከሱቄ ባዶ እጁን የወጣ የለም፣ ወላሂ» ትል የነበረውም እውነቷን ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት እትዬ ሙሉነሽ እስኪመጡ ድረስ።

እትዬ ሙሉነሽ ሥርዓት አላቸው። ብሩሹን ያነሣሉ፣ ጥርሱን በጥፍራቸው ይነካካሉ፣ ወደ ብርሃን አቅንተው ያዩታል። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ነጠላቸውን ያወርዱና የታወቀውን ቃል ይናገራሉ።

«ፊት ለፊት ሁሉም ብሩሽ ጎበዝ ነው። እስቲ ከኋላ ሞክሪው።»

ናፊያ ትሞክራለች። ቀጭ!

«ተሰበረ፣ እትዬ።»

«አላልኩሽም?» ይላሉ። የወደቀውን ጥርስ አንሥተው ይመረምሩታል። «አየሽ ልጄ፣ ከሥሩ ነው የተነቀለው። የእኔ ጸጉር ከመሐል አይሰብርም፤ ከሥሩ ነው የሚነቅል።» ይህን የሚናገሩት ልጇ አንደኛ እንደወጣላት እናት ነው። ጥርሱን በቦርሳቸው ከተው «ልክፈልሽ» ይላሉ፤ ናፊያም «ያልሸጥኩትን አላስከፍልም፣ ወላሂ!» ብላ በቁጣ ትመልሳቸዋለች።

ያልተሞከረ የለም። ጫፍ ጫፉ ላይ ድቡልቡል ፍሬ ያለው ብሩሽ መጣ። ፍሬዎቹ ተስፈንጥረው አንዷ ከማዶ የሚሰፉት ሽማግሌ፣ የአው ዓሊዪ ሻይ ውስጥ ገባች። አው ዓሊዪ ያልሟሟ ስኳር መስሏቸው ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አማሰሉ። ቀጥሎ ክብ ብሩሽ መጣ። እሱ አልተሰበረም፤ ገባ፣ ግን አልወጣም። እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን ከላዩ ደርበው ሄዱ፤ ብሩሹም አንድ ለቅሶ ደረሰ፣ አንድ ማኅበር ጠጣ፣ እሑድ ቆሞ አስቀደሰ። በሳምንቱ የወጣው በአው ዓሊዪ የስፌት መኪና ዘይት ነው።

መጨረሻ ላይ ናፊያ ተስፋ ቆርጣ ከብረታ ብረት ሱቅ፣ ዝገት የሚፈቀፈቅበትን የሽቦ ብሩሽ አመጣች። እትዬ ሙሉነሽ አገላብጠው አዩት።

«ይሄ እኮ ለበር ነው።» ትንሽ አሰቡና ጀርባቸውን ሰጡ። «ግን እስቲ ከኋላ ሞክሪው።»

ሽቦው ጎበጠ። ናፊያ ልትመልሰው ስትወስደው ባለሱቁ አየው፣ አየውና «ምን ዓይነት በር ነው ያላችሁ?» አላት።

ይህን ሁሉ ከማዶ የሚከታተሉት አው ዓሊዪ ነገር መቆስቆስ ይወዳሉ። አንድ ቀን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ መጡ።

«ስሚ ናፊያ፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ለእኚህ ሴትዮ ብሩሽ ከሸጥሽ የዒድ ቀሚስሽን በነፃ እሰፋልሻለሁ። ካልሸጥሽ ግን በርጩማሽ ላይ ቆመሽ፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ፣ ‹ናፊያ መሸጥ አቃታት› ትያለሽ።»

«እሺ፣ ወላሂ!» አለች።

ቀሚሱ አላስጨነቃትም። ሱቁን የከፈተች ጊዜ አጎቶቿ «እሷ ደግሞ ምን መሸጥ ትችላለች፣ ሁለት ወር አትቆይም» ብለው ነበር። ያንን ቃል በገዛ አፏ፣ ያውም በርጩማ ላይ ቆማ መናገር ሞቷ ነው።

እናም ፈለገች። የድሬዳዋው ዘመዷ ሪድዋን በስልክ እስኪሰለቻት ድረስ አስፈለገችው። በመጨረሻ አንድ ብሩሽ ላከላት፤ ጥርሶቹ ረጃጅም፣ ፈንጠር ፈንጠር ብለው የተተከሉ፣ መደቡ ላስቲክ ሆኖ ጫን ሲሉት እሺ የሚል። ናፊያ ቤቷ ገብታ በራሷ ጸጉር ሞከረችው። የእሷም ጸጉር ከሻሽ ሥር ሆኖ ስለማይታይ ነው እንጂ የዋዛ አይደለም። ከሥር ስትጀምር ያዘ። ውሃ ነካ አድርጋ፣ ከጫፍ ጀምራ ቀስ በቀስ ወደ ሥር ስትሄድ ግን አለፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ጸጉር ከሥር ስትጎትት እንደኖረች ያኔ ገባት፤ አፈረችም።

ከረመዳን በፊት ያለው የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አው ዓሊዪ መቀሳቸውን አስቀመጡ። ቀሚስ ሊለኩ የመጡ ሴቶች ሳይቀሩ በየደጃፉ ቆሙ። እትዬ ሙሉነሽ ብሩሹን አዩት፣ በጥፍራቸው ነካኩት፣ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ሰጡ።

«እስቲ ከኋላ ሞክሪው።»

ናፊያ ተመልካቹን በጀርባዋ ከልላ ውሃ ረጨት አደረገችና ከጫፍ ጀመረች። አለፈ። ትንሽ ከፍ አለች፤ አለፈ። ከማጅራታቸው በላይ ያለው፣ ሽቦ ያጎበጠው ቦታ ደረሰች፤ እሱም አለፈ። ቀሚሱን ለብሳ አጎቶቿ ፊት ስትንጎራደድ ታያት።

የእትዬ ሙሉነሽ ትከሻ ዝቅ አለ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከናፊያ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገሩ።

«እህቴ ጽጌሬዳ እንዲህ ነበር የምታበጥረኝ፤ ከጫፍ ጀምራ። ካረፈች ሁለት ዓመቷ። እኔ እንደሆነ ክንዴ ወደ ኋላ አይዞርልኝም። ልጆቼም አጠገቤ የሉም።»

የናፊያ እጅ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሩሽ ስትሸጥ የቆየች መስሏት ነበር። ለካ ሰው ስታበጥር ነው የኖረችው።

«አለፈ እንዴ?» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። የጠየቁት ደስ ብሏቸው አይደለም፤ ፈርተው ነው።

ካለፈ ብሩሹ በፌስታል ይጠቀለላል፤ ቤት ገብቶ፣ ወደ ኋላ የሚያደርሰው እጅ አጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ቅዳሜም እንደማንኛውም ቀን ይሆናል፤ ያ ዝምታ ከላይ በኩል አይመጣም፣ በርጩማውም ባዶውን ይውላል። ናፊያ እኚህን ሴትዮ ትወዳቸዋለች። በየሳምንቱ «ያ ረቢ፣ መጡ» ስትል እያማረረች ይመስላት ነበር፤ ለካ ደስ ብሏት ኖሯል።

አውራ ጣቷን አንደኛው ጥርስ ላይ አሳርፋ ተጫነችው። ቀጭ!

«ተሰበረ፣ እትዬ።»

መንገዱ በሳቅ አበደ። አው ዓሊዪ ግን ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ወላሂ በይ!» አሉ ከማዶ።

ናፊያ አፏን ከፈተች፤ ዘጋች። ከዚያ «እትዬ፣ አንዴ ይነሡልኝ» አለችና በርጩማው ላይ ወጥታ እስከ ፈረስ መጋላ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች።

«ናፊያ መሸጥ አቃታት!»

አው ዓሊዪ ትንሽ ካዩዋት በኋላ አንገታቸውን ነቅንቀው መኪናቸውን ማስጮህ ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

እትዬ ሙሉነሽ በዚህ መሐል ጥርሱን ከመሬት አንሥተው ነበር። ወደ ብርሃን አቀኑት። አገላበጡት። ከመሐሉ ነው የተሰበረው። ናፊያን ቀና ብለው አዩዋት፤ ናፊያ የሽቶ ጠርሙስ ትወለውላለች። ጥርሱን በጥንቃቄ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«አርጅቻለሁ መሰለኝ» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ጸጉሬም ጉልበት እያጣ ነው። በረመዳን ቅዳሜ ትከፍቻለሽ?»

«እከፍታለሁ፣ እትዬ» አለች ናፊያ። «ወላሂ እከፍታለሁ።»