ከስብሰባው በኋላ የሚበራው ጠባቂ

ታላላቅ ድርጅቶች ከታላላቅ ሐሳብ ይወለዳሉ ይባላል። የየቢሮውን ኮምፒውተር ከቫይረስና ከሰርጎ ገብ የሚጠብቅ ሶፍትዌር የሚሠራው ይህ የተከበረ ድርጅት ግን የተወለደው ከአንዲት ቢጫ ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ በመጣበት ቀን ሥራ አስኪያጁ ንግግር ሲያደርጉ፣ በገዛ ኮምፒውተራቸው ላይ «ቫይረስ ተገኝቷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ እየዘለለ አላስቀምጥ አላቸው። ሶፍትዌሩን የሠራችውን ባለሙያ ወደ ጥግ ጠሯት።

«ይሄ ነገር እንግዳ ፊት ሊያዋርደኝ ነው እንዴ? አጥፊልኝ!»

«የሚጮኸው እኮ ሌባ አይቶ ነው።»

«ሌባውስ ቢሆን ስብሰባው እስኪያልቅ ቢታገሥ ምናለበት? ከስብሰባው በኋላ ታበሪዋለሽ።»

ቫይረስ የሚፈትሸው የሶፍትዌሩ ክፍል የሚበራውም የሚጠፋውም ከእሷ ጠረጴዛ፣ ለደንበኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነበር። አጠፋችው። እንዳትረሳም «ከስብሰባው በኋላ ይብራ» ብላ በቢጫ ወረቀት ጽፋ ስክሪኗ ላይ ለጠፈች። ደንበኛው በጸጥታው ተደንቆ ፈረመ። ስብሰባው ግን አልተዘጋም፤ ለነገ ተላለፈ፣ ከዚያ ንዑስ ኮሚቴ ወለደ፣ ኮሚቴውም በተራው ሌላ ስብሰባ ጠራ። በዚህ መልኩ ሦስት ዓመት አለፈ።

በሦስቱ ዓመታት አንድም ጥቃት አልተመዘገበም። አባቶች «ዝምታ ወርቅ ነው» ያሉት ስለ ሶፍትዌር እንደነበር ያን ጊዜ ታወቀ። ድርጅቱ ሲሸለም ሥራ አስኪያጁ ዋንጫውን ታቅፈው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል ሰምታችኋል፤ የእኛ ውሻ ጅብ ሲመጣም ሲሄድም አይጮኽም!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ያላጨበጨበችው ባለሙያዋ ብቻ ነበረች። ታላቅ እህቷ ነርስ ናት፤ የምትሠራበት ክሊኒክ ሶፍትዌሩን ያስገባው በባለሙያዋ ምክር ነው። የስንቱ በሽተኛ የደም ዓይነትና የመድኃኒት መጠን እዚያ ማሽን ውስጥ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትከሺው?» ትላታለች እህቷ። «ማሽናችን እንደሆነ ሁሌም አረንጓዴ ነው።»

ባለሙያዋም ወደ ሥራ አስኪያጁ ትሄዳለች። «አሁንስ ላብራው?» ትላለች።

«ስብሰባው አለቀ እንዴ?» ይሏታል፤ ትመለሳለች።

በመጨረሻ በዚሁ ሥራ ስሙ የገነነ ትልቅ ኩባንያ ሊገዛቸው መጣ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት በአድናቆት ጠየቁ፦

«የእኛው በቀን መቶ ጊዜ እየጮኸ ደንበኛ አስመርሮብናል። የእናንተ ምሥጢሩ ምንድን ነው?»

«ትዕግሥት» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ተፈራረሙ። ፕሬዚዳንቱም ተነሥተው «እንግዲህ ስብሰባው ተጠናቋል» አሉ።

በዚያ ቤት ይህ ቃል ሲነገር በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ባለሙያዋ ሮጣ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፣ ቢጫዋን ወረቀት ላጠች፣ አበራችው።

የደንበኞቹን ማሽኖች ሁኔታ የሚያሳየው የአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ደም መሰለ። ከሁሉ በፊት የሥራ አስኪያጁ ማሽን ጮኸ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ተመቻችቶ የኖረ እንግዳ ተገኝቶበታል። ከዚያ ደንበኞቹ ተራ በተራ ቀሉ። ስልኳ ጠራ፤ እህቷ ናት።

«ኧረ ምን ጉድ ነው! ማሽኑ ቀይ ሆኖ ይጮኻል!»

«የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀዪው! አሁኑኑ!»

«ነቀልኩት።»

«መዝገቡን እዪው። አለ?»

«ቆይ... አለ። ሁሉም አለ።»

ባለሙያዋ እዚያው ቆማ በደስታ አለቀሰች።

በአዳራሹ የሁሉም ዓይን ፕሬዚዳንቱ ላይ ነበር። እሳቸው ስክሪኑን አዩ፣ ቀለሙ ያልደረቀውን ፊርማቸውን አዩ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉና ተቀመጡ።

«ስብሰባው እንደገና ተከፍቷል» አሉ። «አጥፉት።»

ባለሙያዋ ወደ አዳራሹ ተመልሳ ቢጫዋን ወረቀት ፊታቸው አስቀምጣ ወጣች። ማጥፋቱ ሌላ ባለሙያ አላጣም። ስብሰባው እስከ ዛሬ በመልካም ሁኔታ በመካሄድ ላይ ይገኛል፤ ክሊኒኩ ግን መዝገቡን በእጁ ይጽፋል።