«አ» ማለት «አፍርስ»

ሞኝ ሰው አሉባልታ አያምንም። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል! ሞኝ ሰው ያልገባውን ይጠይቃል፣ ይነገረዋል፣ «እሺ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አሉባልታ ለማመን ብልጥ መሆን ያስፈልጋል። ነገር ከነገር የሚያገጣጥም፣ ከሰው ቅንድብ ላይ ሤራ የሚያነብ፣ «እኔንማ አያሞኙኝም!» የሚል ሰው... በአጭሩ እንደ እኔ ያለ ሰው።

የዛሬ ስድስት ዓመት መርካቶ ውስጥ ጥግ ላይ ያለች ሱቅ ነበረችኝ። ባርኔጣና ጃንጥላ እሸጥባት ነበር። ስሜ ጥላዬ፣ ሸቀጤ ጥላ... እናቴ ስም ስታወጣልኝ ንግዱንም አብራ ያወጣችልኝ ይመስለኛል። ጥግ ሱቅ ምን እንደሆነ ነጋዴ የሆናችሁ ታውቃላችሁ። መንገድ በሁለት በኩል፣ ፀሐይ በሁለት በኩል፣ ገዢ በሁለት በኩል! ከእህል በረንዳ የሚወጣው በግራዬ ያልፋል፣ ከአትክልት ተራ ዘንቢሉን ሞልቶ የሚመለሰው በቀኜ። ዝናብ ካካፋማ አትጠይቁኝ፤ ያን ቀን እኔን የሚያህል ሰው የለም።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ካኪ ኮት የለበሰ ቀጭን ሰውዬ መጣ። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልተናገረም። ሰላምታም የለው። ከኪሱ ጠመኔ አወጣና የሱቄ በር ላይ አንድ ፊደል ጻፈ፦ «አ»። ጻፈና አለፈ።

ከጎኔ ሐጂ ከማል አሉ። አቡጀዲና ሻሽ የሚሸጡ፣ ነገር የማያጋንኑ፣ ቢናደዱ እንኳ ቁጣቸውን በሜትር ለክተው የሚያወጡ ሰው ናቸው። የእሳቸው በር ላይ «ቢ» ተጻፈ። ሐጂ ወጥተው ሰውዬውን ጠየቁት።

«ወንድሜ፣ ይሄ የጻፍከው ምንድነው?»

«ቀለም ነው» አለ ሰውዬው፣ ዞር ሳይል።

ሐጂ ወደ እኔ መጥተው «ቀለም ነው አለኝ» ብለው ጨርቃቸውን ማጠፍ ቀጠሉ። በቃ! አለቀ! እሳቸው ዘንድ ነገሩ እዚያ ላይ ሞተ።

«ሐጂ!» አልኩ። «በጠመኔ ጽፎ ቀለም ነው ሲልዎት ዝም አሉት?»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ዋሸዎት እኮ! ጠመኔ መቼ ነው ቀለም የሆነው? ንጹሕ ሥራ ከሆነ ደግሞ ለምን ይዋሻል?»

ሐጂ ትንሽ አሰቡ። «ምናልባት ፊደል ነው ማለቱ ይሆናላ። ፊደልም እኮ ቀለም ይባላል።»

«ፊደል መሆኑንማ እኛም እናያለን! ያየነውን መልሶ የሚነግረን ያላየነውን ሊደብቅ ነው።»

እዩልኝ እንግዲህ ብልጠቴን! ከአንድ ፊደል ተነሥቼ፣ ምሳ ሳልበላ፣ ሤራው ደጃፍ ደረስኩ። ተራው ሁሉ አሮጌ ሱቅ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው። ታዲያ «አ» ምን ሊሆን ይችላል? «አፍርስ»! ከዚያ ወዲህ ያየሁት ነገር ሁሉ ይህንኑ ይነግረኝ ጀመር። ወደ ጓሮ ስዞር ጥቂት በሮች ላይ «ቀ» አየሁ። «ቀሪ»! ይኸው! የሐጂ «ቢ» ትንሽ አስቸግራኝ ነበር። ዋል አደር ብዬ ግን ፈታኋት፦ ቢፈርስ፣ ቢቀር፣ ቢታሰብበት... ገና ያልተወሰነበት ማለት ነው።

«እኔ ያልተወሰነብኝ ነኝ?» አሉ ሐጂ ስነግራቸው።

«አዎ። እንዲያውም ቶሎ ሰው ቢያናግሩ ይሻላል።»

«ጥላዬ፣ 'አ' እኮ 'አቆይ'ም ሊሆን ይችላል።»

«ሐጂ ይሙቱ! አቆይ ለማለት ማን ጠመኔ ያባክናል?»

በሳምንቱ አንድ ሰው ባለ ሦስት እግር መሣሪያ መንገዱ ላይ ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ እኛ ተራ አየ። ወደ ሌላም ተራ አይቶ ነበር፤ ያንን ግን አልቆጠርኩትም። ባለፈው ዓመት የተሠራ፣ ቆርቆሮው ገና የሚያብረቀርቅ ሱቅ በር ላይም «አ» እንዳለ አንድ ሰው ሲነግረኝ ለአፍታ ደነገጥኩ። አዲስ ሱቅ ማን ያፈርሳል? ወዲያው ግን ገባኝ። ለማሳሳት ነው! አሮጌዎቹ ላይ ብቻ ቢጽፉማ ማንም ያውቅባቸው ነበር። እናንተ ተንኮላቸውን አላያችሁም?

ባለቤቴ የሺ እንደ እኔ አልተማረችም። ስለዚህ ወደ ነገሩ በአጭሩ ነው የገባችው።

«ሰውዬውን ለምን አትጠይቀውም?»

«ሊያፈርስ የመጣ ሰው ላፈርስ ነው ብሎ ይነግርሻል?»

«ላያፈርስ የመጣ ከሆነስ?»

«እሱም አላፈርስም ነው የሚለው! ሁለቱም አንድ መልስ ከሰጡ መጠየቁ ምን ይጠቅማል?»

የሺ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ያን ጊዜ አድናቆት መስሎኝ ነበር።

ነገሩን ለአንድ ጫማ ሻጭ ብቻ ነበር በምስጢር ያዋየሁት። ጠዋት ከእኔ ዘንድ ራቁቱን የወጣ ወሬ ከሰዓት በኋላ ኮትና ከረባት አድርጎ ተመለሰ። አንዱ በረኛ «ጋሽ ጥላዬ፣ ሰምተዋል? በግሬደር ነው አሉ የሚያፈርሱት! ዕቃ ለማውጣት እንኳ ጊዜ አይሰጡም አሉ!» አለኝ። እኔ እኮ ስለ ግሬደር ለማንም አልተናገርኩም! ስለዚህ ሌላም የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው! የገዛ ወሬዬን እንደ እንግዳ ቆሜ ተቀበልኩት።

እስከዚህ ድረስ ብትስቁብኝ አይከፋኝም። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል።

ከጓሮ፣ ወደ በርበሬ በረንዳ በሚያስገባው ጠባብ መንገድ ላይ እትዬ ዘነበች ክርና ቁልፍ ይሸጡ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ማንንም ክፉ ተናግረው የማያውቁ ሴት ናቸው። ሱቃቸው ፀሐይ አይቶ አያውቅም። በራቸው ላይ ግን... «ቀ»!

ሄድኩ። በርጩማቸው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ «እትዬ፣ ሱቅ እንለዋወጥ» አልኳቸው።

ሳቁ። «የቱን ሱቅ?»

«የእኔን ጥግ ሱቅ እርስዎ ይውሰዱ። እኔ እዚህ እገባለሁ።»

ሳቃቸው ቆመ። «ለምን ጥላዬ? ምን ሆነህ?»

«አዘንኩልዎት» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። «እዚህ ጨለማ ውስጥ ዓይንዎ ሊጠፋ ነው። እኔ ጎልማሳ ነኝ፣ የትም እሠራለሁ።»

ውሸቱ ከአፌ ሲወጣ አማረልኝ። እትዬ ዘነበች የያዙትን ክር ጠቅልለው «ይሁን ልጄ» አሉ። በማግስቱ በሦስት ምስክር ፊት ተፈራረምን። አንደኛው ምስክር ሐጂ ከማል ነበሩ። ከፈረሙ በኋላ ወደ ውጭ ወስደው «ደህና ነህ?» አሉኝ።

እኔ ዕቃዬን ሳግዝ እትዬ ዘነበች ደግሞ ለሚያገኙት ሁሉ ደግነቴን ይናገሩ ጀመር። ለካስ ምርቃትም ይወጋል! መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሴቶች እጄን ይዘው «ያንተን ዓይነቱን ያብዛልን» ይሉኛል። አንድ ሽማግሌ ቆባቸውን አንሥተው እጅ ነሱኝ። «ምንም አይደል አባቴ» እያልኩ በውስጤ የግሬደሩን ድምፅ አዳምጣለሁ። አዎ፣ እናንተዬ፣ አንዲት ብቸኛ ሴት ላይ ቤት እንዲፈርስባቸው ፈርሜ በደግነት እየተመረቅኩ እሄድ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የዘውድ በዓል ሲቃረብ አንድ ቀን ጠዋት ከፊት ለፊት ጫጫታ ሰማሁ። ሰው ይጮኻል፣ ብረት ይንኳኳል። «ደረሰ!» አልኩ። ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ እንጃ፤ እትዬን ላወጣቸው ይሁን፣ ትክክል መሆኔን ላይ... እኔም ለይቼ አላውቀውም።

ግሬደር የለም። መሰላል አለ። ብሩሽ የያዙ አምስት ስድስት ሰዎችና ትልልቅ ጣሳዎች አሉ። ያ ካኪ ኮት የለበሰው ቀጭን ሰውዬ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ በሮቹን እያየ ይጣራል።

«አ! አረንጓዴ!»

አንዱ ቀቢ ወደ ጥግ ሱቄ... ወደ እትዬ ዘነበች ጥግ ሱቅ ሄደ።

«ቢ! ቢጫ!»

ሌላው ወደ ሐጂ።

«ቀ! ቀይ!»

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ተራው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በቅደም ተከተል ነበር የተጻፈው! እኔ በዚያ መንገድ በቀን አሥር ጊዜ ተመላልሻለሁ። የፈለግኩትን ፊደል ብቻ እየለቀምኩ ነዋ!

ሐጂ ከማል ቢጫ ከሆነው በራቸው አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ቀለሙ እንዳይነካቸው ኩታቸውን ሰብሰብ አድርገዋል።

«ቀለም ነው ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

ወደ አዲሱ ሱቄ ተመለስኩ። አዲሱን ሱቄን ገና አላስተዋወቅኋችሁም። በርበሬ ከሚደለዝበት በረንዳ ነፋስ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ዘንድ ነው። ባርኔጣ አናቱ ላይ አድርጎ መስተዋት ፊት ያላስነጠሰ ገዢ የለም። አንድ ባለ ከረባት ጌታ ሰባት ጊዜ አከታትለው አስነጥሰው ባርኔጣው ከአናታቸው ላይ ወድቆ መንገድ ድረስ ተንከባለለ። እሳቸውም ተከትለውት ሄዱ፤ ባርኔጣውን ለአላፊ ሰጥተው መለሱልኝ፣ ራሳቸው ግን አልተመለሱም። ጃንጥላማ ማን ይፈልጋል? መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ዝናቡም አይገባ፣ ጃንጥላ ቢዘረጋም አያልፍ!

ሱቄን ይመልሱልኝ እንዳልል ደግሞ ምን ብዬ? «እትዬ፣ ይፈርስብዎታል ብዬ ነበር፣ ካልፈረሰ ግን ይመልሱልኝ» ይባላል? አገር ሁሉ ደግ ሰው ብሎኛል። ደግነት ሲለጠፍብህ እንደ ቀለም ነው፣ በቀላሉ አይላጥም።

በጋውንም ክረምቱንም ችዬ መስከረም ላይ አቃተኝ። የሺም «ወይ ተናገርና ይውጣልህ፣ ወይ ማጉረምረምህን ተው» አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። እትዬ ዘነበች አረንጓዴው በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ክር በመርፌ ያስገባሉ። በአንድ ጊዜ አስገቡት። ልቤ ተነካ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት።»

«ተናገር ልጄ።»

«ያን ጊዜ... ሱቁን የለወጥኩት አዝኜልዎት አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ይፈርሳል ብዬ ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ። ገበያው ሁሉ ሲያወራው የእኔ ጆሮ ብቻ ተደፍኖ ነበር?»

«እያወቁ... ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

እትዬ ዘነበች መርፌውን ነጠላቸው ላይ ሰኩት። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ክሩ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ ለመለየት እስከ መንገዱ ጫፍ እየወጣሁ ነው የሸጥኩት። ይፈርሳል ሲሉኝ፣ ይፍረስ፣ እስኪፈርስ ድረስ ግን ፀሐይ አለው አልኩ። አንድ ወርም ብትሆን አንድ ወር ናት።»

እዚያው መንገድ ላይ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ይዘው አነሡኝ።

«ደግሞ ሰዉ ፊት ስምህን ያነሣሁት ላሞኝህ አይደለም» አሉ። «ደግ ነህ ሲሉህ ብትሰማው ትሆነው ይሆናል ብዬ ነው። ይኸው መጣህ። አሁን ከከፋህ መልሰን እንለዋወጥ። እኔ የድርሻዬን ሞቄአለሁ። እነዚያኑ ምስክሮች ጥራና ሰኞ እንፈራረም።»

እንባዬ መጣ። ጥግ ሱቄ! ሁለት መንገድ፣ ሁለት ፀሐይ! «እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ልል አፌን ከፈትኩ... እና እዚያው ላይ አንድ ሐሳብ መጣብኝ።

ሰው ጥግ ሱቁን እንዲህ በቀላሉ ይለቃል?

ፊታቸውን አየሁ፤ ፈገግ ብለዋል። ለምን ፈገግ አሉ? ሰኞ ያሉትስ ለምንድነው? ለምን ማክሰኞ አላሉም? ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ሁለት ሰዎች በገመድ አንድ ነገር ይለካሉ...

«ላስብበት እትዬ» አልኩ።

አሰብኩበት። ብልጥ ሰው ያስባል። በሰኞው ሄጄ «ይቅርብኝ፣ ይጠቀሙበት» አልኳቸው። ሴትዮዋ አለቀሱ። አገሩም እንደገና መረቀኝ።

ያቺ ጥግ ሱቅ ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ አልፈረሰችም። ግን እስቲ እናንተ ፍረዱኝ... ይህን ሁሉ ዓመት ሳትፈርስ መቆየቷ ራሱ ትንሽ አያጠራጥርም?