የፕሪንተሬ አድራሻና አማቴ

ትንሽ ማወቅ ክፉ ነው። ምንም የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ብዙ የሚያውቅም ይጠይቃል። መሐል ላይ የቀረነው ግን ከመጠየቅ ሞት ይቀለናል።

ዘመኑ የሥልጠና ነበር። ከአንድ ለአምስቱ ስብሰባ የተረፈችውን ሰዓት እንሠለጥንባታለን። እኔም በከተማችን በመሐል ሜዳ የሦስት ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና ወስጄ፣ ሰርተፊኬቱን ሳሎን ሰቅዬ፣ ያለ ገመድ የሚሠራ ፕሪንተር ገዛሁ። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ ታውቃላችሁ።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ በመንዝ ውርጭ ሁለት ሰዓት በእግሯ እየሄደች ገጠር ጤና ኬላ ሠርታለች። ወደ ከተማ ለመዛወር የምታመለክትበት ጊዜ የሚያበቃው የዚያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ማመልከቻውን በእጄ ልጻፈው ብትለኝ፣ ፕሪንተር ባለበት ቤት እንዴት ተደርጎ ብዬ ተቆጣሁ። ኮምፒውተሩ ታዲያ የፕሪንተሩን የኔትወርክ አድራሻ አስገባ አለኝ።

ፕሪንተሩን ገልብጬ ሆዱንም ጀርባውንም አነበብኩ። ያገኘሁት የተሠራበትን አገር ብቻ ነው። አንዲት ቁልፍ ጫን ተደርጋ ስትያዝ አድራሻውን ራሱ አትሞ እንደሚሰጥ በሥልጠናው መስማቴ ትዝ አለኝና ተጫንኩ። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ወይ ፍንክች። የኔትወርክ ችግር ነው አልኩ፤ በአገራችን ይህን ብሎ የተሳሳተ ሰው የለምና። አምስት ሰዓት አለፈ። ሚስቴ እንባዋ መጣ፤ እኔም በውስጤ ፈራሁ።

አማቴ እማማ አስካለ ከገጠር፣ ከጓሳ ጥግ ማልደው በእግራቸው መጥተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ምን ጠፍቶኝ እንደምተራመስ ጠየቁኝ። ይህ ዕቃ አድራሻውን አልናገር እንዳለኝ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ በኛ አገር እንግዳ ሳይበላ አገሩን አይጠይቁትም» አሉ።

የትልቅ ሰው ነገር ብዬ ፈገግ አልኩ። ሚስቴ ግን ተነስታ የወረቀቱን መሳቢያ ሳበችው። ባዶ! ወረቀት አጉርሳ ቁልፏን ብትጫን፣ አድራሻው ከነሙሉ ቁጥሩ ታትሞ ወጣ። ማመልከቻውም ተከተለ። በሩጫ ሄዳ፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል አስገብታ፣ እየሳቀች ተመለሰች።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እማማን እጅ ነስቼ፣ ስለ ማሽን ይህን ያህል ከየት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው።

«ስለ ማሽኑ ምን አውቄ ልጄ፤ ስለ ራሴ ነበር ያልኩህ። ከመጣሁ እህል አልቀመስኩም።»

ሚስቴ ፊቷን ሸፍና ቀረች። እኔ በኀፍረት ወደ ጓዳ ሮጥኩ፤ እንጀራው የት እንደሚቀመጥ ግን ተመልሼ መጠየቅ ነበረብኝ።