የሌለ ወንዝ ሽምግልና

ያለን ነገር መተቸት ምን ያቅታል? ምግብ ቤት ገብታችሁ ወጡ ጨው በዝቶበታል ትላላችሁ፣ አስተናጋጇ ታኮርፋለች፣ እናንተም ቀምሳችሁ ትወጣላችሁ፣ አለቀ። አዲስ ቤት ልትመርቁ ሄዳችሁም ደረጃው ጠቧል፣ መስኮቱ የጎረቤት ጓሮ ላይ አፍጥጧል ማለት ትችላላችሁ። የሌለን ነገር መተቸት ግን የዋዛ እንዳይመስላችሁ። የሌለ ነገር ጉድለቱ አይታይም። የሚያውቀው ያሰበው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቢገድሉት አይናገርም። ይህን የምላችሁ ከመሬት ተነሥቼ አይደለም፤ የሌለ መዝናኛ ፓርክ ተቺ ሆኜ ስለማውቅ ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የንድፍ መምህር ነኝ። በከተማችን ልጅ ተሸክሞ የሚሽከረከር ነገር ቢኖር ባጃጅ ነው። ሆኖም የመዝናኛ ፓርክ ፍቅር ያበዳቸው ወጣቶች አሉን። አንዳቸውም በአካል አላዩም፤ በስልካቸው ግን በዓለም ያለውን ሁሉ ዞረው ጨርሰዋል። ቡድን ቡድን ሆነው በአንድ ካርታ ላይ የየራሳቸውን መንደር ይነድፋሉ፣ መንደሮቹም ተጋጥመው አንድ ትልቅ ፓርክ ይሆናሉ፤ ከመካከላቸውም አንደኛ የሚወጣው ይመረጣል። ላም አለኝ በሰማይ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። እኔም ስቄ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የቀድሞ ተማሪዎቼ መጡና፣ «መምህር፣ እርስዎ ጥሩ ነው ብለው ስለማያውቁ ተቺ ይሁኑልን» አሉኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና ሳልለየው ካርታው ስልኬ ውስጥ ገባ።

የመጀመሪያው መንደር «ቁልቁለት» ይባላል። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰረገላ ነው። ፍርሃቱን አልነቅፍም፤ ሥዕሉን እያየሁ እንኳ እግሬ ፍሬን ይፈልግ ነበር። ነገር ግን ለአራት ሰው በተሠራው መቀመጫ ስድስት ሰው ተጠቅጥቋል፣ በሩ ላይ ደግሞ ረዳት ቆሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል። በሕልማችሁ እንኳ ሰው አታጨናንቁ ብዬ ጻፍኩ። «ካልሞላ አይንቀሳቀስም» የሚል መልስ መጣልኝ።

ሁለተኛው የቆሎ ተማሪ መንደር ነው። ጎብኚው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ውሻም ያሯሩጠዋል። ግሩም ነው! ችግሩ መንደሩ በበዓል ቀን ሁሉ ዝግ መሆኑ ነው። ከሚካኤል እስከ ባለወልድ ብፈልግ፣ እሁዱም ሲጨመርበት፣ ክፍት ሆኖ የማገኝበት ቀን ቸገረኝ። መዝናኛ በበዓል ካልተከፈተ መቼ ሊከፈት ነው? ብላቸው፣ «ሠራተኛውስ ሰው አይደለም? አያከብርም?» አሉኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነበር። ውሃ ግን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

የቀሩትን ሁለት መንደሮች የሚመሩት ሙሉቀንና እመቤት ናቸው። ሙሉቀን የሆስፒታል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ እመቤት ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ተጫጭተዋል፤ ሰርጋቸውም ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጧል። ለጨዋታ ያህል ተፎካካሪ ቡድን ይዘው፣ በአንድ ወንዝ ዳር ተጎራበቱ። ወንዙ ከላይ በሙሉቀን መሬት ገብቶ ፏፏቴ ይሠራል፣ ከዚያ ወደ እመቤት መንደር ወርዶ ታንኳ ያንሳፍፋል። እኔ አፌን ብዘጋ ኖሮ ሁሉም ሰላም ነበር። ነገር ግን ተቺ ነኝና «ፏፏቴው ቀጠን ብሏል» ብዬ ጻፍኩ። ሙሉቀን በማግስቱ ውሃውን ለፏፏቴው የሚያጠራቅም ግድብ ሠራ።

የእመቤት ታንኳዎች መሬት ነኩ። ከዚያ መንደሯን እንደ አዲስ ሥላ ላከችው፤ ታንኳዎቹ ጭቃ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፣ አጠገባቸውም አንድ የሞተ ዓሣ አለ። ዓይኑ ሳይቀር ተሥሏል! ሙሉቀን በዚህች ሰዓት «የእኔ ቆንጆ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ቢል ምን ነበረበት? እሱ ግን ሁሉም በሚያነበው ግሩፕ ላይ «ውሃው የሚገባው በእኔ መሬት ነው» ብሎ ጻፈ። የጎጃም ልጅ ነዋ! መሬት ሲባል፣ ያለውም የሌለውም፣ ደሙ ይፈላል። እመቤት የቃል ኪዳን ቀለበቷን አውልቃ ዲማ አጠገብ ወዳለው ወደ አባቷ ቤት ሄደች።

አባቷ አያ ስንሻው የታወቁ ገበሬ ናቸው። ከገበሬነታቸው ሌላ የውሃ አባት ነበሩ፤ ይኸውም የመስኖ ውሃ ለየማሳው በተራ የሚያካፍል፣ ተራ የዘለለውን የሚቀጣ፣ መንደሩ የመረጠው ዳኛ ማለት ነው። ልጃቸው «ውሃዬን ከለከለኝ» ብላ ስታለቅስ ሰሙ። ለሰርጉ ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተሰናድቶ ሳለ፣ ሰርጉ ቀርቷል አሉ።

ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ ስለሆንኩ እኔው ተመረጥኩ። ሙሉቀን የሚሳለምበትን ደብር መሪጌታ አስከትዬ፣ ከመኪና ወርደን በእግር አቀናን። ሙሉቀን እንደ ወጉ ይቅርታ መጠየቂያ ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሟል። መጀመሪያ ያነሣት በመዳፍ የምትያዝ ጠጠር ነበረች፤ መሪጌታ «በዚች ወፍ ልታባርር ነው?» ብለው ሌላ አስለወጡት።

አያ ስንሻው በክብር ተቀበሉን። እመቤት ከጓዳው በር ጀርባ ቆማለች፤ የነጠላዋ ጫፍ ይታየናል። ሙሉቀን ደጁ ላይ አጎንብሷል። ከተቀመጥን በኋላ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ፈርቼ ነበር፤ የሁለት ሰው ትዳር ከአፌ በሚወጣው ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

«አያ ስንሻው፣» አልኩ፣ «ለመሆኑ ውሃው እንደሌለ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ እንጂ መምህር፤ ልጄ አሳይታኛለች» አሉ። «እኔንም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የሌለ ውሃ የነፈጋት፣ ያለውን ሲያገኝ እንዴት ሊሆን ነው? ቤት ሲሠሩ፣ ልጅ ሲወልዱ ላይኛው እሱ፣ ታችኛዋ እሷ ሁና ልትኖር ነው?»

ስንቱን መንደር ስተች ከርሜ ይህቺን ጉድለት አላየኋትም ነበር።

ሙሉቀን ከድንጋዩ ሥር፣ «አፈርሰዋለሁ አባባ» አለ።

«መቼ?»

«አሁኑኑ!»

ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። አጥሩን ዞረ፣ ጓሮ ገባ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ የለም። አያ ስንሻው በከዘራቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለውን ጉብታ አሳዩት። ሙሉቀን ሽቅብ ሮጠ። ድንጋዩን አውርድ ያለው ሰው ስለሌለ ድንጋዩም አብሮት ወጣ።

ከታች ሆነን እናያለን። በአንድ እጁ ድንጋይ ደግፎ፣ በአንድ እጁ ግድብ ሲያፈርስ ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው። አያ ስንሻው ደጋግመው «ፈረሰ?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቄ! በዚህ መሃል የጓዳው በር ተከፈተና እመቤት ማንንም ሳታይ አልፋን ወጣች። «ውሃው መድረሱን እኔው ልይ» አለች ለአባቷ። ጉብታው ላይ ስትደርስ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ራሶች አንድ ስልክ ላይ አጎነበሱ። ድንጋዩ መሬት ላይ ነበር። ማን እንዳስወረደው አላየንም።

መሪጌታ «ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉ» ሲሉ፣ አያ ስንሻው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ይቅር ለእግዚአብሔር አሉ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ጌሾው ሥራ ላይ ዋለ፣ ሰርጉም በቀኑ ተደገሰ። ከፓርኩ አንደኛ ማን ወጣ ትሉኝ እንደሆነ፣ «ቁልቁለት» ነው። እዚያ የሚጣላ የለም፤ ሁሉም እኩል ይፈራል።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ልንመርቅ ስንነሣ አያ ስንሻው ቅድመ ሁኔታ አስገብተዋል፤ የዚያ ወንዝ የውሃ አባት እሳቸው እንዲሆኑ። ተስማማን። ጠዋት ውሃው ለፏፏቴው፣ ከሰዓት በኋላ ለታንኳው ተብሎ ተወሰነ። እሳቸው ስልካቸው ካርታ ስለማያሳይ ጉብታው ላይ እየወጡ ለእኔ ይደውላሉ። እንደ ወጉ ጤናዬን አይጠይቁም፣ ስለ ልጆቹም አያነሡም፤ «መምህር፣ ውሃው እንዴት ዋለ?» ነው የሚሉኝ።

ደኅና ነው ብዬ ብዘጋው ማን ያውቅብኛል? እኔ ግን «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብዬ፣ ካርታውን ከፍቼ፣ ታንኳዎቹ መንሳፈፋቸውን አይቼ ነው የምመልስላቸው።